የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ፣ ማዳበሪያና የጅማ ወንዞች፦ ማን ይክፈል፣ ለማንስ ይከፈል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ የአንድ ቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከማጠቢያችን በታች ያሉ ነዋሪዎች ወንዙ ሸተተ፣ ከብቶቻችን ውኃውን አንጠጣም አሉ እያሉ በየዓመቱ አቤት ይላሉ። ወረዳው ይቀጣናል፤ ቅጣቱን ከፍለን በነጋታው እንደ ቀድሞው እንቀጥላለን። በስብሰባ ላይ አንዱ ማዳበሪያ ላይ ግብር ይጣል ይላል፣ ሌላው መንግሥት መሣሪያ ይግዛልን ይላል፣ ሦስተኛው ማጠቢያዎቹ ይዘጉ ይላል። በኢኮኖሚ ባለሙያ ዓይን የሚሠራው የትኛው ነው? ሌሎች አገሮችስ ምን አደረጉ?»

ከጥያቄዎ ውስጥ «ቅጣቱን ከፍለን በነጋታው እንደ ቀድሞው እንቀጥላለን» ያሉትን ልያዝ። እንዲህ የምታደርጉት ለጎረቤት ደንታ ስለሌላችሁ አይመስለኝም፤ ሂሳቡ ስለሚያዋጣችሁ ነው። ቅጣቱ ቁርጥ ገንዘብ ነው። አሥር ሺህ ኪሎ እሸት (ተለቅሞ ያልደረቀ ቀይ የቡና ፍሬ) ያጠበም ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ያጠበም እኩል ይቀጣሉ። አንዴ ከተከፈለ በኋላ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ቆሻሻ ማኅበሩን ሳንቲም አያስወጣውም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ሥራ በሌላው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሠሪው የወጪ መዝገብ ላይ ካልገባ፣ ሠሪው ከሚገባው በላይ ያመርታል። ጉዳቱን ወደ መዝገቡ ለማስገባት ደግሞ ክፍያው ከጉዳቱ መጠን ጋር አብሮ መውጣትና መውረድ አለበት። ቁርጥ ቅጣት ይህን አያደርግም፤ በተግባር የፈቃድ ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

ሦስቱን የስብሰባ ሐሳቦች ከመመዘናችን በፊት ግን ሁለት ዓይነት ብክለት መለየት አለብን፤ ክርክሩ የሚምታታው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው። አንዱ ከታወቀ ቦታ፣ በቦይ ወይም በቱቦ የሚወጣ ነው፤ የእናንተ ማጠቢያ ፍሳሽ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሌላው በክረምት ከሺህ ማሳዎች ከአፈር ጋር ተጠርጎ የሚመጣው ማዳበሪያና ኬሚካል ነው። የመጀመሪያውን ማን እንዳደረገው ይታወቃል፤ ሁለተኛውን አንድም ሰው በጣቱ ሊጠቁም አይችልም። የኔ አቋም ከዚህ ልዩነት ይነሳል፦ ከቦይ የሚወጣውን በመጠኑ አስከፍሉ፤ ከማሳ እንዳይታጠብ ለሚከላከለው ገበሬ ደግሞ ክፈሉት። ሁለቱን መገልበጥ፣ ማለትም ለማጠቢያው ድጎማ ሰጥቶ ገበሬውን መቅረጥ፣ ብዙ ጊዜ በስብሰባ የሚያሸንፍ ሐሳብ ነው፤ ግን አይሠራም።

ከማጠቢያው ልጀምር። የእሸት ቡና ፍሳሽ ጉዳቱ መርዛማ በመሆኑ ሳይሆን በስኳር የተሞላ በመሆኑ ነው። ቀዩ ገለፈትና ፍሬውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ሙጫ ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ባክቴሪያዎች ይረባረቡባቸዋል፤ ለዚህም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና ሌላው ሕይወት ይታፈናል፤ ኦክስጅን ካለቀ በኋላ የሚቀጥለው መበስበስ ነው ያን ሽታ የሚያመጣው። ጊዜውም ክፉ ነው። ለቀማው የሚፋፋመው ዝናቡ ባበቃበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ማጠቢያው በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ሳምንት ወንዙ እየጎደለ ነው። በነሐሴ የሚለቀቅ ያው መጠን ምናልባት ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ክፍያ ከተጣለ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ተመን ከመስከረሙ ከፍ ማለት ይኖርበታል።

አሁን የሂሳብ ሠራተኛውን የሚስብ ነገር ላንሳ። የኮሎምቢያ ቡና ምርምር ማዕከል ሴኒካፌ ባጠናው መሠረት አንድ ኪሎ እሸት ቡና ሊያደርስ ከሚችለው የውኃ ብክለት ሦስት አራተኛው ገደማ የሚመጣው ከገለፈቱ ነው፤ ቀሪው አንድ አራተኛ ከሙጫው። ብዙዎቻችን የምናስበው ግን የማብላያ ገንዳው ውኃ ዋናው ጥፋተኛ እንደሆነ ነው። እስቲ የራሳችሁን ማጠቢያ ይመልከቱ፦ ገለፈቱ ከማሽኑ ሲወጣ እስከ ክምሩ ድረስ የሚገፋው ምንድን ነው? በአብዛኛው ቦታ ውኃ ነው። ያ ውኃ ገለፈቱን ሲያጥብ ስኳሩን ይዞ ይሄዳል። ገለፈቱ ውኃ ሳይነካው፣ በተንሸራታች ቆርቆሮ፣ በጋሪ ወይም በማጓጓዣ ቢወጣ ወንዙ የሚድንበት የቆሻሻ ሸክም ከማንኛውም የማጣሪያ ጉድጓድ ይበልጣል፤ ገለፈቱም ኮምፖስት ሆኖ ወደ ቡናው እግር ይመለሳል። ሴኒካፌ ያዳበረው ማሽንም የተነሣው ከዚሁ ነው። በቀድሞው አሠራር ከነስስ ቅርፊቱ ለደረቀ አንድ ኪሎ ቡና 40 ሊትር ያህል ይፈጅ የነበረውን ውኃ ከ1 ሊትር በታች አወረደው፤ ከብክለቱም ከ90 በመቶ በላይ አስቀረ።

ታዲያ ክፍያው በምን ይለካ? ሁለት ወጥመዶች አሉ። የፍሳሽ መመዘኛዎች ብዙውን ጊዜ በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም ተብለው ይጻፋሉ። ክፍያው በዚህ ከተመሠረተ ማጠቢያው ከላይ ተጨማሪ ውኃ ቀድቶ ፍሳሹን ያቀጥነዋል፤ መመዘኛውን ያልፋል፣ ወንዙ ግን ያንኑ ሸክም ይቀበላል፣ ያውም የላይኛው ውኃ ተቀንሶበት። በውኃ መጠን ብቻ ከተመሠረተ ደግሞ ማጠቢያው ውኃውን ደጋግሞ እያዞረ በጥቂት ሊትር ወፍራም ፍሳሽ ይለቃል። የሚለካው የሸክሙ፣ ማለትም ወደ ወንዙ የሚገባው ቆሻሻ፣ ኪሎ መሆን አለበት።

«ላቦራቶሪ የት አለን?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ላቦራቶሪ ቢኖርም ብዙ አይጠቅምም ነበር። እሸቱ ከገበሬው የሚሰበሰበው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚወርድ ማሽኑ የሚሠራው ማታና ሌሊት ነው። ተቆጣጣሪው ጠርሙሱን ይዞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሲደርስ ቦዩ ታጥቦ፣ ጠባቂው ሻይ እየጠጣ ያገኘዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ሌሊትም ቢሆን አይደበቅም፤ የእሸት ግዥ ደረሰኝ። እርስዎ ራስዎ የሚይዙት መዝገብ ነው። ስለዚህ ክፍያው በግምት ይጣል፦ የተገዛው እሸት ኪሎ፣ ሲባዛ ለመሣሪያውና ለአሠራሩ በተወሰነ የብክለት መጠን። ሂሳብ መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ በግምት ግብር እንደሚከፍለው ማለት ነው፤ ክፍያው ግን ከምርቱ ጋር ያድጋል። መነሻው ከፍተኛው መጠን ይሁን። ከዚያ ያነሰ እንደሚበክል ያረጋገጠ ማጠቢያ ይቀነስለት። የማስረዳቱ ሸክም ከወረዳው ትከሻ ወደ ማጠቢያው ይዞራል፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው።

ለስሌት ያህል ብቻ፣ ተመኑን እኔ ልገምትና፣ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ እሸት የሚገዛ ማጠቢያ እንውሰድ። በኪሎ 100 ግራም ሸክም ብንል 30,000 ኪሎ ይሆናል፤ በኪሎ ሸክም 10 ብር ቢጣል 300,000 ብር። ገለፈቱን በደረቁ ካወጣ ከሸክሙ ሦስት አራተኛው ይወድቅለትና ክፍያው ወደ 75,000 ብር ይወርዳል። በየዓመቱ 225,000 ብር የሚያተርፍ ማኅበር ማጓጓዣ ለመትከል የማንንም ስብከት አይጠብቅም። ቀሪውን አንድ አራተኛ በቬቲቨር ሣር በተተከለ ረግረግና በጉድጓድ ማከም ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ማኅበሩ ራሱ ያሰላዋል። ለቬቲቨሩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሣሩ ወደ አገራችን ሲገባ የመጣው እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ወዳለው የምርምር ማዕከል ነበር።

ኮሎምቢያ ይህን መንገድ በሕግ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የአካባቢ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ከ1997 ጀምሮ ወደ ወንዝ ለሚለቀቅ እያንዳንዱ ኪሎ ሸክም ክፍያ ተጣለ፤ በየተፋሰሱ የቅነሳ ግብ ተቀመጠ፤ ግቡ ካልተሳካ ተመኑ ይጨምራል። በአንዳንድ አካባቢ ፋብሪካዎች በፍጥነት ቀነሱ። የተሰናከለው ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ነው፦ ከሁሉም የሚበልጡት በካዮች የከተማ አስተዳደሮች ሆነው ተገኙ፣ ብዙዎቹም አንከፍልም አሉ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የጅማ ከተማ ቆሻሻ በአዌቱ ወንዝ በኩል ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። የጎማ ማጠቢያ በኪሎ ሲከፍል ከተማው በነፃ የሚለቅ ከሆነ፣ የማኅበሩ አባላት «ሕጉ ለእኛ ብቻ ነው ወይ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ትክክልም ይሆናሉ።

«መንግሥት መሣሪያ ይግዛልን» የሚለው ጓደኛዎ ግማሽ እውነት አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ በሚመለከተው ባለሥልጣን ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ይህን መብት መጠየቅ ነውር የለውም። ችግሩ ያለው ድጎማ ብቻውን ሲመጣ ነው። የተሰጠ ማሽን ነዳጁና ጥገናው ያስወጣል፤ ባይሠራ ደግሞ ባለቤቱ የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ ፍሳሹ በድሮው ቦይ መውረዱን ይቀጥላል። ክፍያ ካለ ግን ማሽኑን ማስነሳት ገንዘብ ያድናል። ከቀረጡ ይልቅ ማኅበራትን የሚያንቃቸው የብድር እጦት ነው። ማኅበራት በመስከረም ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ እሸት መግዣ ላይ ያውሉታል፤ ማጠቢያ በዓመት ሦስት ወር ገደማ ብቻ የሚሠራ በመሆኑም ባንክ ለመሣሪያ ሲያበድር ያመነታል። መንግሥት ገንዘብ ካለው ለማሽን ስጦታ ከሚያውለው ለብድር ዋስትና ቢያውለው እመርጣለሁ።

«ይዘጉ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አብዛኛው የጅማ ቡና በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ውኃ አይነካውም፣ ወንዝም አይበክልም። ታጥቦ የሚሸጠው የሚመረጠው ዋጋው ስለሚበልጥ ነው። ያ የዋጋ ብልጫ የወንዙን ኪሳራ ሸፍኖ የሚተርፍ ከሆነ ማጠቢያው ይቀጥል፤ ካልተረፈ በራሱ ጊዜ ወደ ጀንፈል፣ ማለትም ሳይታጠብ በፀሐይ ወደሚደርቀው ቡና፣ ይመለሳል። የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ ግን መጀመሪያ የወንዙ ዋጋ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። መዝጋት ይህን ሳያውቁ መፍረድ ነው፤ ገበሬውንም የተሻለ ዋጋ ያሳጣዋል።

ወደ ማዳበሪያው ልለፍ። በዚህ በኩል የአውሮፓን ልምድ በጥንቃቄ ማየት ያሻል፤ ለእኛ የማይሆነውን መቅዳት ቀላል ነውና። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በማዳበሪያ ላይ ግብር ጥላ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ካስከፈለች በኋላ በ2010 አነሳችው። ግብሩ ገቢ አስገኝቷል፤ አጠቃቀሙን ግን የቀነሰው በመጠኑ ነው፤ ገበሬ ዋጋ ሲወደድ ማዳበሪያ መጨመሩን በቀላሉ አይተውምና። ኔዘርላንድስ ይበልጥ ረቀቀች። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከብት የሚበዛባቸው እርሻዎች፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም እርሻዎች የገባውንና የወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በመዝገብ እንዲይዙ፣ ከመጠን በላይ ለተረፈው እንዲከፍሉ አደረገች። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ይሁን እንጂ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2003 የኅብረቱን የናይትሬት ሕግ አያሟላም ብሎ ስለፈረደባት በ2006 ተወችው። እንግዲህ በየእርሻው ኮምፒውተር ባለበት አገር ያስቸገረውን የንጥረ ነገር መዝገብ እንደ ቀርሳና ኦሞ ናዳ ባሉ የጅማ ዞን ወረዳዎች ላይ እናካሂድ ማለት አይቻልም።

ከሁሉም በላይ የእኛ ማሳ ችግር ማዳበሪያ መብዛቱ አይደለም። የጅማ ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ የሚጨመር ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በቆሎው የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ላይ ተጣብቆ፣ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ራሱ ሲሸረሸር ወንዝ ውስጥ ይገባል። ያ ጎርፍ ሲወርድ ቀይ የሚሆነው ውኃ አፈር ብቻ ሳይሆን የገበሬው ገንዘብ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ግብር ሳይሆን ኖራ ነው። ኖራ አሲዱን ሲያረግብ ያው ማዳበሪያ የበለጠ ያበቅላል፤ የበለጠ ሥርና ቅጠል ያለው ማሳም አፈሩን ይይዛል። ኖራ ከባድ ስለሆነ፣ በሄክታር በኩንታሎች ስለሚፈለግ፣ ወጪው በአብዛኛው የማጓጓዣ ነው። የማዳበሪያ ድጎማ ላይ ከሚጨመር አንድ ብር ይልቅ በኖራ ማጓጓዣ ላይ የሚውል አንድ ብር ለወንዙም ለጎተራውም ይሻላል ባይ ነኝ።

ፀረ ተባይና ፀረ አረም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ግብሩን እደግፋለሁ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በዋጋ ላይ የጣለችውን ግብር በ2013 ቀይራ በጉዳት መጠን አደረገችው፦ ይበልጥ የሚመርዝ ይበልጥ ይከፍላል። አዲሱ ተመን ሊጀምር ሲል ገበሬዎች አስቀድመው ገዝተው ማከማቸታቸው ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለ ግብር አስቀድሞ ተለፍፎ አይጣልም። ለእኛ የሚመቸው ኬሚካሉ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባና በጥቂት እጅ የሚያልፍ በመሆኑ ነው፤ በሺህ ማሳ ላይ ሳይሆን በጉምሩክ በር ላይ ሊሰበሰብ ይችላል።

አሁን ለገበሬው መክፈል ያልኩትን ላብራራ። የታወቀው ምሳሌ የኒው ዮርክ ከተማ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ ከካትስኪል ተራሮች ይመጣል፤ እዚያ የወተት እርሻዎች አሉ። ማጣሪያ ጣቢያ ልትሠራ ስታሰላ ወጪው ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በምትኩ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኞቹ ማኅበረሰቦች ጋር ተስማምታ እበቱን እንዲይዙ፣ የወንዝ ዳር እንዲያጥሩ ወጪያቸውን ከፈለች። ከማጣሪያው እጅግ ረከሰላት። ስምምነቱን ያስቻለው የከተማዋ ደግነት አይደለም፤ ከታች ያለው ተጠቃሚ አንድ፣ የታወቀና ገንዘብ ያለው መሆኑ ነው።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ አለ። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት አቅም ይዞ እየሠራ ነው። ከእሱ የሚወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ 420 ሜጋዋት ያለውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱ በዓመት በድምሩ ከ2,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ እንዲያመነጩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከኦሞ ናዳ፣ ከቀርሳና ከሶኮሩ የሚታጠበው አፈር የሚያርፈው በጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ሥር ነው፤ ሐይቁ በደለል ሲጎድል የሚከስሩት ሁለቱም ጣቢያዎች ናቸው። በኪሎዋት ሰዓት አንዲት ሳንቲም ብትቆረጥ 2,000 ጊጋዋት ሰዓት 20 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ ያስገኛል። ይህ በዳገት ማሳው ላይ የሣር ክር ለሚተክል፣ ከወንዝ ዳር ዐሥርና ሃያ ሜትር ሳያርስ ለሚተው ገበሬ ሊከፈል ይችላል። ክፍያው ለተከለበት ዓመት ብቻ ሳይሆን ሣሩ ቆሞ ለተገኘበት ለእያንዳንዱ ዓመት ይሁን።

የተፋሰስ ልማት ዘመቻው አለ እኮ የሚል ይኖራል። አለ፤ በየጥር ወሩ ገበሬው ያለ ክፍያ እርከን ይቆፍራል። በኢኮኖሚ ቋንቋ ግን ይህ በላይኛው ገበሬ ጉልበት ላይ የተጣለ ግብር ነው፤ ጥቅሙ የሚወርደው ወደ ታች ነው። ጉልበቱን ያለ ክፍያ የሰጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የፈረሰውን እርከን ለመጠገን ለምን ይቸኩል? እርከኑ የሚቆመው ገበሬው ማሳው ነገም የእሱ እንደሆነ ሲያምን ነው፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከዚህ አንፃር የውኃ ፖሊሲም ነው።

ስለ ሕጉ ሁለት ነገር ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ክልሎችም ከፌዴራሉ የጠበቁ እንጂ የላሉ መመዘኛዎችን እንዳያወጡ ይደነግጋል። በኪሎ ሸክም የሚሰላ ክፍያ ለመጣልና ገንዘቡም ተመልሶ ለዚያው ወንዝ እንዲውል ለማድረግ ግን የክልሉ ደንብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ ይቀራል፣ ከፋዩም እንደ ተራ ግብር ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ለእናንተ ይበልጥ ቅርብ ነው፦ በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ይህን ያወቁ ዕለት የቁርጥ ቅጣቱ ዘመን ያበቃል።

ደንብ እስኪወጣ ወረዳው ዛሬም ሊያደርገው የሚችለው ነገር ካለ መያዣ ነው። የማጠቢያ ፈቃድ በየዓመቱ ሲታደስ በሚጠበቀው የእሸት መጠን ልክ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፤ በጥር ገለፈቱ በደረቁ ወጥቶ ክምሩ ከወንዝ ርቆ ከተገኘ ይመለስ። ከለቀማ በኋላ ገንዘብ ማስከፈል አስቸጋሪ ነው፤ አስቀድሞ የተያዘን መመለስ ግን ለሁለቱም ወገን ይቀላል። ማኅበራችሁ ይህን በፈቃዱ ቢያቀርብ ከውጭ ገዥዎች ዘንድም ይጠቀማል፤ እንደ ሬይንፎረስት አሊያንስ ያሉ የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ወንዝ መልቀቅን አይቀበሉም።

ለእርስዎ ሥራ የምመክረው እንዲህ ነው። በሚመጣው መስከረም በእሸት ግዥ መዝገብዎ ላይ ሦስት ዓምድ ይጨምሩ፦ በዕለቱ የተጠቀማችሁት ውኃ፣ በደረቁ የወጣው ገለፈት ኪሎ፣ በውኃ የወጣው ገለፈት ኪሎ። ለውኃው ቆጣሪ ከሌለ የፓምፑን ሰዓት ይመዝግቡ። በጥር ሂሳቡን ይዘጉና የወንዙን ወጪ በተለያየ ተመን ገምተው ለጠቅላላ ጉባኤው ያቅርቡ፤ አባላቱ ማጓጓዣ ይግዙ አይግዙ የሚወስኑት ያን ጊዜ ቁጥር ይዘው ነው።